ከሰርቨሩ ያስታረቁኝ እትዬ ብዙነሽ

ከመቱ የወጣሁት ነሐሴ ውስጥ ነው፤ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በዝናብ። ስለ ዝናቡ አልነግራችሁም። እዚያው ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ከኢሉባቦር የወጣችሁም አትረሱትም። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ረዳቱ "አዲስ አበባ! የቀረ አለ?" ይላል፤ እኔ አንድ እግሬን ደረጃው ላይ አድርጌ ወደ ኋላ አያለሁ። አባቴ ጎሬ ነው፣ ጉልበቱ አላስኬድ ስላለው ከዋዜማው ተሰነባብተናል። ባለቤቴ ጫልቱ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት ቀድማኝ ሄዳለች። ነርስ ናት፤ ጀርመን አገር ካስል በምትባል ከተማ ሆስፒታል ተቀጥራ፣ አሁን እኔን በባልነት እየወሰደችኝ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። በእኛ አገር የምትወሰደው ሙሽራዋ ናት፤ እኔ ግን ሻንጣዬን ይዤ ሚስቴ ቤት ልገባ ነው።

ሊሸኙኝ የመጡት እትዬ ብዙነሽ ብቻ ነበሩ፣ ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘው። እትዬ ብዙነሽ እኔ ዘጠኝ ዓመት በሠራሁበት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። የሚገባውም የሚወጣውም ደብዳቤ በእሳቸው እጅ ያልፋል፤ ቁጥርና ቀን የሌለው ወረቀት ግን በዚያች መስኮት አያልፍም። አንድ ጊዜ ኃላፊያችን ጋሼ ቶሎሳ በማግስቱ ስብሰባ ስለነበራቸው የነገውን ቀን ጽፈው የፈረሙበትን ደብዳቤ ላኩ። እትዬ መለሱት። "ይህ ደብዳቤ ገና አልተወለደም፣ ነገ ይምጣ" አሉ። ጋሼ ቶሎሳ ራሳቸው ወርደው ቢለምኗቸውም ወይ ፍንክች።

ያን ቀን አንድ ጣሳ ማር አስታቀፉኝ። "ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ የሶር ማር ነው። ጉሮሮህን ሲይዝህ ትልሳለህ። መቼ ነው የምትመለሰው?"

"እመለሳለሁ እትዬ፣ ምን ጥርጥር አለው!"

"መቼ ነው ያልኩህ?"

ረዳቱ በሩን ደበደበው፣ እኔም ዘልዬ ገባሁ። 

ማሩ ካስል አልደረሰም። በሻንጣ አድርገው ስንቱን ሲያሳልፉ የኖሩ ሰዎች እያሉ እኔ ሞኙ በእጄ ይዤው ነበር። አውሮፕላን በቀየርኩበት አገር አንዱ ፈታሽ ጣሳውን ከፍቶ፣ "ይህ ፈሳሽ ነው" አለኝ።

"የትኛው ፈሳሽ? ይህ እኮ በቢላ የሚቆረጥ ነው!"

"ማር ፈሳሽ ነው።"

"ገልብጠው፣ ከፈሰሰ ውሰደው።"

ገለበጠው። አልፈሰሰም። ሰውየው ጣሳውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ "ደንቡ ማር ፈሳሽ ነው ይላል" ብሎ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ካስል ስለ ገባሁበት ደስታ ብነግራችሁ አያልቅም። ጫልቱን ሁለት ዓመት በስልክ ብቻ ሳያት ኖሬ ጣቢያው ላይ ሳቅፋት ሰው አለ የለም አላልኩም። ዝናብ ይዘንባል አሉኝ፤ ይህን ነው ዝናብ የሚሉት? ምራቅ ነው እንጂ። ዳቦአቸው ጥቁር ነው፣ ድንጋይ ነው፣ ግን ከለመዱት የበቆሎ ቂጣን ያስታውሳል። የቤት አከራያችን ፍራው ሆልዝ (ወይዘሮን ፍራው፣ አቶን ኸር ይላሉ) ደግሞ በጥር ብርድ በቀን ሁለት ጊዜ መስኮት ክፈቱ ትላለች።

"ፍራው ሆልዝ፣ ብርዱ እኮ ይገባል።"

"ብርዱ እንዲገባ አይደለም ኸር ገመቹ፣ እርጥበቱ እንዲወጣ ነው። ሉፍተን ይባላል። ውሉ ላይ አለ።"

እውነትም ውሉ ላይ አለ። መቱ ዕድሜዬን ሙሉ እርጥበት ሲያሳድደኝ ኖሬ፣ እዚህ መጥቼ በፊርማዬ እያሳደድኩት ነው።

የከበደኝ ሥራው ነው። የኮምፒውተር ዲፕሎማዬን ይዤ የሄድኩባት የቢሮ ሴትዮ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፣ "ይህ ሰርተፊኬት እዚህ አይጸናም" አለችኝ።

"ዘጠኝ ዓመት ሠርቼበታለሁ።"

"የት?"

"መቱ።"

"መቱ የት ነው?"

"ከጎሬ አጠገብ" አልኳት፤ ሌላ ምን ልበላት?

ቋንቋ እየተማርኩ ዓመት ከመንፈቅ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ተሸከምኩ። ከዚያ ነው የበር ማጠፊያና ቁልፍ የሚያከፋፍል አንድ ትንሽ ድርጅት የጠራኝ። ባለቤቱ ኸር ክሩገር በቃለ መጠይቁ ላይ ምን ትችላለህ ሲለኝ፣ ደረቴን ነፍቼ "የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ሁሉ በእኔ እጅ ነበር" አልኩት። ወደደኝ። ለሙከራ ጊዜ ተቀጠርኩ፤ ፕሮበዛይት ይሉታል። ካለፍኩ ቋሚ ነኝ፣ ካላለፍኩ ወደ ካርቶኔ።

ሰኞ ጠዋት የራሴ ጠረጴዛ፣ የራሴ ላፕቶፕ! ጫልቱ ሥራ ላይ ሆና ደውዬ "ወንበሬ ይሽከረከራል!" አልኳት። ላፕቶፑን ለራሴ እንዲመቸኝ አደረግሁት። የሶርን ፏፏቴ ፎቶ ስክሪኑ ላይ ለጠፍኩ፣ የአማርኛ ፊደል ጫንኩ፣ ቀንና ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ሞላሁት። መቱ እያለሁ ይህ ሥራዬ ነበር፤ ደብዳቤ ሲታተም ቀኑ ራሱ እንዲወጣ የሁሉንም ኮምፒውተር እንዲያ የማደርገው እኔ ነኝ። እዚህ ደግሞ ሌላ ደስታ ጨመረልኝ፤ ቀና ባልኩ ቁጥር እናንተ ጋ ስንት ሰዓት እንደሆነ አያለሁ። ሦስት ሰዓት ሲል እትዬ ብዙነሽ መስኮታቸውን ከፈቱ እላለሁ።

ከዚያ ኢሜይሉን ከፈትኩ። አልገናኝ አለ።

የይለፍ ቃሉን ደግሜ ጻፍኩ። እምቢ። ጸሐፊዋ የሰጠችኝን ወረቀት ፊደል በፊደል ሳየው፣ የጀርመኖች ኪቦርድ ላይ ዋይና ዜድ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ አገኘሁሽ ብዬ ጮህኩ! አስተካክዬ ጻፍኩት፤ አሁንም እምቢ። ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁ። የገቢውን ሰርቨር ስም፣ የወጪውን ሰርቨር ስም፣ የፖርቱን ቁጥር ከጎኔ ካለችው ልጅ ኮምፒውተር ጋር አስተያየሁ። አንድ ነው። ፋየርዎሉ፣ የኮምፒውተሩ ዘበኛ፣ ይሆናል ብዬ ፈተሽኩት፣ አይደለም። አካውንቱን አጥፍቼ እንደ አዲስ ሠራሁት። ድረ ገጾቹም እምቢ ሲሉኝ ኢንተርኔቱ ነው አልኩ፤ ግን የሁሉም ይሠራል፣ የእኔ ብቻ! በሞከርኩ ቁጥር አንዲት ትንሽ ማስጠንቀቂያ ብቅ ትላለች። ስለ ሰርተፊኬት ነው፣ አይጸናም የሚል ቃል አለባት። ያን ቃል ከቢሮ ቢሮ ስሰማ ስለኖርኩ ደሜ ፈላ፤ ሳላነብ እዘጋታለሁ።

ማክሰኞ ሰርቨሩን ለሚያስተዳድረው ድርጅት ደወልኩ።

"ኢሜይሌ አይሠራም።"

"ቴርሚን አለዎት?" ቀጠሮ ማለቱ ነው። እዚህ አገር ያለ ቴርሚን ሞትም የሚመጣ አይመስለኝም።

"የለኝም።"

"እንግዲያው በኢሜይል ይጠይቁ።"

"ኢሜይሌ ነው እኮ የማይሠራው።"

"ገባኝ። እሱንም በኢሜይሉ ላይ ይግለጹልን።"

ረቡዕ ኸር ክሩገር ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመ። "ኸር ገመቹ፣ ደንበኞቼ መልስ እየጠበቁ ነው። ኮምፒውተር አውቃለሁ ብለውኝ ነበር። እስከ ዓርብ ምሳ ሰዓት ካልሆነ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ። ክፋት አይደለም።" ክፋት አይደለም የሚሉት ክፉው ነገር ሲመጣ ነው። ለጫልቱ አልነገርኳትም። ስለ ወንበሩ ስትጠይቀኝ ይሽከረከራል እላታለሁ።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ጥቁር ዳቦዬን እየቆረጠምኩ ቢሮው ውስጥ ብቻዬን ተቀመጥኩ። እትዬ ብዙነሽ ሥራ ስጀምር እንድደውል አስምለውኝ ነበር። ደስታዬን ላካፍላቸው ያሰብኩት ሰኞ ነው፤ አሁን ምን ልበል? ግን ሰዓቱን አየሁት፣ ከምሳ ተመልሰዋል። ደወልኩ።

"አካም ጅርታ፣ ገመቹ? ድምፅህ ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆንኩም እትዬ።"

"ለእኔ? እኔን ታታልለኛለህ? ሰኔ ላይ ጡረታ እወጣለሁ እንጂ አልጃጀሁም።"

ነገርኳቸው። ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም፣ እኔ ግን ሁሉንም ዘከዘክሁት፤ ኬብሉን፣ የይለፍ ቃሉን፣ ቴርሚኑን። ሰርቨር ምንድን ነው አሉኝ።

"እንደ እርስዎ ነው እትዬ። ደብዳቤ ሁሉ በእሱ ያልፋል።"

"እንደ እኔ ከሆነማ በባዶ ሜዳ አይመልስህም። ሲመልስህ ምን ይላል?"

"ሰርተፊኬቱ አይጸናም ይላል።"

"እንዲሁ አይጸናም? እስቲ ቃል በቃል አንብብልኝ።"

ማስጠንቀቂያዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልዘጋ አየኋት። ጀርመንኛዋን እየሰበርኩ ወደ አማርኛ መለስኩላቸው። "የሰርቨሩ ሰርተፊኬት... ገና... አልጸናም።"

"ገና ነው የሚለው?"

"አዎ፣ ገና ይላል።"

እትዬ ሳቁ። "ገና ካለህማ የቀን ነገር ነው። ጋሼ ቶሎሳን ረሳሃቸው? ወረቀቱ ደህና ነው፣ ማኅተሙ ደህና ነው፣ ቀኑ ግን ገና አልደረሰም። አንተ ጋ ዛሬ ስንት ነው? ቀንህን እይ!"

የስክሪኑን ጥግ አየሁ። በእኛ አቆጣጠር ጥር ነው፤ ዓመቱም የእኛው ነው። ሰርቨሩ ግን የሚያስበው በእነሱ ነው! የሰርቨሩ ሰርተፊኬት፣ ማንነቱን የሚያሳይበት ወረቀቱ ማለት ነው፣ ከተሰጠ ገና ዓመት አልሞላውም፣ እኔ ደግሞ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተቀምጬ በሩን አንኳኳለሁ። እንዴት ያሳልፈኝ? መቱ የነበሩት ኮምፒውተሮች ከማንም ጋር ስለማይገናኙ ይህ ችግር ገጥሞኝ አያውቅም።

"እትዬ፣ ይጠብቁኝ!" ብዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ቀኑን ቀየርኩ፣ ሰዓቱን ቀየርኩ፣ ፕሮግራሙን ዘግቼ ከፈትኩ።  ወዲያው የሰኞው ደብዳቤ ገባ፣ የማክሰኞው ተከተለ፣ ከዚያማ እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደ! ብቻዬን ቢሮ ውስጥ እየዘለልኩ ጮህኩ። እትዬ ከስልኩ ውስጥ "ምን ሆንክ? ምን ሆንክ?" ይላሉ።

"ተቀበለኝ እትዬ! ተቀበለኝ!"

"እልልል!" አሉ፤ መዝገብ ቤቱ ውስጥ ያሉ ሁሉ እንደሰሟቸው እርግጠኛ ነኝ።

ኸር ክሩገር ጩኸቴን ሰምቶ መጣ። ችግሩ ምን ነበር ሲለኝ አልዋሸሁም፤ የራሴ ጥፋት መሆኑን ነገርኩት። ግንባሩን ቋጠረ። "እናንተ አገር ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ነው?"

"ወደ ኋላ አይደለም ኸር ክሩገር። እናንተ ናችሁ የቸኮላችሁት።"

አየኝ፣ አየኝና ፈነዳ፤ ያ ሰው ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ዓርብ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ለደንበኞቹ ሁሉ መልስ ልኬ ነበር። የሙከራው ጊዜ ሲያልቅ የቋሚነት ደብዳቤ ሰጠኝ። እኔም ከምንም በፊት ያየሁት ቀኑን ነው።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ቀና ስል የማየው የካስልን ሰዓት ነው። ሥራዬን ወድጄዋለሁ፣ ደስ ብሎኛል፣ ከፍቶኛልም። መስኮቷ ተከፈተች አልተከፈተችም ለማለት አሁን ማስላት አለብኝ፤ አንዳንድ ቀን ሳላሰላ ይመሻል።

ቋሚ የሆንኩ ቀን ለእትዬ ብዙነሽ ደወልኩ። ጫልቱም ከጎኔ ሆና ሰላም አለቻቸው፤ መረቁን፣ ስለ ዝናቡ ነገሩን፣ ቦታቸውን ለምትተካው ልጅ መዝገቡን እያስረከቡ መሆናቸውንም ነገሩን።

"እንግዲህ የዚያ አገር መዝገብ ውስጥ ገብተሃል" አሉኝ። "እዚህስ መቼ ነው የምትመጣው? እኔ ከመስኮቴ ሳልነሳ ብትመጣ ደስ ይለኝ ነበር።"

"እመጣለሁ እትዬ።"

"ቀኑስ?"

ጫልቱን አየኋት፣ እሷም አየችኝ። "በቅርቡ" አልኩ።

"በቅርቡ ቀን አይደለም። ቀን የሌለው ደብዳቤ አልቀበልም፣ ታውቀኛለህ" አሉና ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የግድግዳውን ካላንደር እስከ ሰኔ ድረስ ገለጥኩት። እስክሪብቶ በእጄ ይዤ ነበር፤ የትኛውም ቀን ላይ ምልክት አላደረግሁም።