ረጅሙን ወይስ አቀባዩን

ባለፈው ሰሞን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ የዛፍ ጥላ በማይጠፋበት መንገድ ዳር፣ ጭማቂ ቤት በር ላይ ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ ያሉ ወጣቶች ስልክ ላይ ተደፍተው ይከራከራሉ። የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ነው ነገሩ። አንድ ተሸናፊ ቡድን ረጅሙን ተጫዋቹን ለሌላ ተሸናፊ ቡድን ሰጥቶ በምትኩ ሁለት ጀማሪዎች ሊወስድ ነው አሉ። ሁለቱም ፈርሰው እንደ አዲስ የሚሠሩ ቡድኖች ናቸው። «ረጅም ሰው አይሰጥም» ይላል አንዱ። «አቦ ተወኝ፣ ወጣት ይሻላል» ይላል ሌላው። በመጨረሻ አንዱ ወደ እኔ ዞረና፣ «አባባ፣ አንተ ብትሆን ትለውጠዋለህ?» አለኝ። ድሬ ላይ ሽማግሌም «አንተ» ነው፤ አይከፋንም።

«እንጃ ልጄ» አልኩት። ከእኔ የሚጠቅም ነገር ሲያጣ ወደ ጓደኞቹ ተመለሰ። እኔ ግን ያንን ጥያቄ ከብዙ ዘመን በፊት፣ ሳቅ በሌለበት ክፍል ውስጥ ሰምቼዋለሁ። ያን ጊዜ ለልውውጥ ከቀረቡት አንዱ እኔ ነበርኩ።

በደርግ ዘመን የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበርኩ። ለስሙ ጠዋት ጠዋት ክር ክፍል እገባለሁ እንጂ ደሞዝ የሚከፈለኝ ለቅርጫት ኳስ ነበር። የሁላችንም ቅጥር እንደዚያ ነው። ሜዳችን ግሪኮችና አርመኖች ትተውት የሄዱት የሲሚንቶ ሜዳ ሲሆን ዙሪያው ኒም ዛፍ ነው። ልምምድ የምንጀምረው ፀሐይ ስትበርድ ቢሆንም ሲሚንቶው ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት በጫማችን በኩል ይመልስልን ነበር። ከልምምድ በኋላ በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ባጌያ በሚጥሚጣ እንበላለን፤ ምላሳችን እየተቃጠለ ስለ ጨዋታው እንጨቃጨቃለን።

እኔ አቀባይ ነበርኩ፤ አምበልም ነበርኩ። ረጅሙ ሙክታር ነው። ሙክታር የመጋላ ልጅ ሲሆን እናቱ እማማ ፋጡማ ቀፊራ ገበያ ቅመም ይሸጡ ነበር። ልብሱ ሁልጊዜ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል። ኳስ ወደ ላይ ከተወረወረ የሱ ነው። አሰልጣኛችን ጋሽ ታምራት ደግሞ በልጅነቱ ከግሪኮቹ ልጆች ጋር እዚያው ሜዳ ላይ ያደገ፣ ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነበር። ሲቆጣ ይባስ ቀስ ብሎ ይናገራል።

ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ወዲህ ቡድናችን ሳስቶ ነበር። አንዱ በአፈሳ ሄደ፣ አንዱ የባቡሩን ሐዲድ ተከትሎ ወደ ጅቡቲ ጠፋ፣ አንዱ የት እንደገባ እናቱም አታውቅም። የቀረነውን ያቆየን ፋብሪካው ነበር። የምርት ሠራተኛ ለጊዜው አይነካም ይባላል። «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ግን ሁላችንም ስንተኛም ስንነሳም እንሰማታለን።

በከተማው ውስጥ ከእኛ የባሰ የፈረሰ ቡድን ቢኖር የጭነት መኪናዎቹ ድርጅት ቡድን ነበር። እዚያ የሚቀጠር ተጫዋች በወረቀት የመኪና ረዳት ነው። መኪኖቹ እህልና ሌላም ነገር ጭነው ወደ ሰሜን፣ ወደ ጦርነቱ ይሄዳሉ። ረዳት ሲጎድል ኳስ ተጫዋቹም ይጫናል። ከሄዱት የተመለሱ ነበሩ፤ የተመለሱት ግን ስለ መንገዱ አያወሩም።

በዚያ ክረምት የድርጅቱ ኃላፊ ወደ ፋብሪካችን መጣ። ጡረታ የወጣ መቶ አለቃ ነው፤ ቤት ውስጥም ጥቁር መነጽሩን አያወልቅም። ይርጋና ኢሳ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ሊሰጠን፣ በምትኩ አንድ ሰው ሊወስድ ፈለገ። ወይ ሙክታርን፣ ወይ እኔን። ምርጫውን ለእኛ ቡድን ኮሚቴ ተወ። መስከረም ላይ ለአብዮቱ በዓል ዋንጫ አለ፤ የፋብሪካው የፓርቲ ተጠሪ ደግሞ ሁለት ለአንድ ሲባል ትርፍ ብቻ ነበር የታየው።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቀፊራ ደርሷል። በማግስቱ ሙክታርን ልጠራ ስሄድ እማማ ፋጡማ ከቅመም ጆንያዎቻቸው መሃል ቀና ብለው አዩኝ።

«አምበል ነህ አይደል? ስብሰባው ላይ ትቀመጣለህ?»

«አዎ እማማ።»

ልጄን አደራ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «እንግዲያው ያንተንም እናት አስብ፣ የኔንም ልጅ አስብ» አሉኝ። አንድ ጭብጥ ዝንጅብል በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝና ወደ ሚዛናቸው ተመለሱ። ቢለምኑኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ እኔና ሙክታር እንደ ድሮው መጫወት አቃተን። ኳስ ሳቀብለው ዓይኔን ያያል፤ እኔም የሱን። ጠብ የለንም፤ ግን ከሁለታችን አንዳችን እንደምንሄድ እያወቅን ምን እንደምንባባል ጠፋን። አንድ ቀን ውሃ እየጠጣን ሳለ፣ «ዳኒ፣ እኔ ከሆንኩ አትዘን፣ ወላሂ» አለኝ። «እኔ ከሆንኩስ?» አልኩት። ኳሱን አንስቶ ወደ ሜዳው ተመለሰ።

ስብሰባው የተደረገው ከሰዓት በኋላ ነበር። እኛ ዘንድ ፀሐይ ነው፤ ከከተማው በላይ ያሉት ተራሮች ግን ጠቁረዋል። የድሬ ሰው ያንን ሰማይ ያውቀዋል። ደጋ ሲዘንብ የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይቆይና ድንገት ይሞላል። በመስኮቱ በኩል ሰዎች አሸዋው ላይ የተዘረጋ ልብሳቸውን ሲሰበስቡ ይታየኛል። በጠረጴዛው ዙሪያ ተጠሪው፣ ኃላፊው፣ ጋሽ ታምራትና እኔ ነበርን።

«ሙክታር ይሂድ» አለ ተጠሪው። «ሁለት ለአንድ ነው። ምን ያከራክራል?»

«ረጅም ሰው ሰጥተህ ሁለት አጭር ብታመጣ ቁመት አይደመርም» አለ ጋሽ ታምራት።

«እሺ፣ አምበሉ ይሂድ።» ተጠሪው ይህን ሲል ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም።

«አቀባዩ ከሄደ ለረጅሙ ኳስ ማን ያደርስለታል? እጁን አጣጥፎ ነው የሚቆመው።»

ተጠሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ጓድ ታምራት፣ ሰው ወደ ግንባር ትራንስፖርት አይሂድ ማለትህ ነው?»

ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ተለወጠ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቀው ቤታቸው ያልተመለሱ ሰዎችን እናውቃለን። ጋሽ ታምራት ግን ድምፁን ከቅድሙም ዝቅ አደረገ።

«አላልኩም። ልውውጡ ጥሩ ነው፤ የጠየቃችሁት ሰው ነው ልክ ያልሆነው።» ወደ ኃላፊው ዞረ። «ልጆችህን ልምምድ የሚያሠራቸው ማን ነው?»

«ሾፌሮች፣ በተራ።»

«ታዲያ ሙክታርን ብትወስድ ምን ያደርግልሃል? የፈረሰ ቡድን ከላይ አይሠራም። መጀመሪያ አሰልጣኝ ነው የሚያስፈልገው። እኔን ውሰድና ሁለቱን ልጆች ለነዚህ ስጥ።»

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑን ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ የደከመ ሰው ዓይን ነበር። «ረዳት ሲጎድል አንተም ትወጣለህ» አለው።

«አውቃለሁ።»

ተነሳሁ። ምን ልል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ጋሽ ታምራት ሳያየኝ፣ «አንተ ተቀመጥ» አለኝ፤ ተቀመጥኩ። ተጠሪው ጥቂት አሰበ። አንድም ተጫዋች ሳይሰጥ ሁለት ሊያገኝ ነው፤ አሰልጣኝ ደግሞ ከየትም ይመጣል። ተስማማ።

ስንወጣ ደቻቱ ሞልቶ ጠበቀን። ቀይ ውሃ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ያልፋል፤ ወዲህም ወዲያም ሰው ቆሟል። እዚያ ዳር ሆነን፣ «ጋሽ ታምራት፣ ለምን?» አልኩት።

«እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል። መኪና ላይ አያወጡኝም።» ይህን ሲለኝ የሚያየው ውሃውን ነበር።

ይርጋና ኢሳ ሲመጡ ከስተው ነበር። ኢሳ መጀመሪያ ሰሞን ከባድ መኪና በመንገድ ሲያልፍ ኳሱን ይዞ ቆሞ ይቀራል። መስከረም ላይ ከጋሽ ታምራት አዲስ ቡድን ጋር ተጋጠምን፤ አሸነፉን። በጨዋታው መሃል ከተቃራኒ ወንበር ሆኖ ለእኛው ለኢሳ፣ «ጉልበትህን እጠፍ» ሲለው ሰማሁ። ኢሳ አጠፈ። ዋንጫውን የወሰዱ ዕለት ጋሽ ታምራት የልጆቹን ጫማ ሰብስቦ ቀድሞ ወጣ እንጂ አልጨፈረም።

ጥር ላይ፣ ድሬ ትንሽ በምትቀዘቅዝበት ወር፣ እኔና ሙክታር ፈጢራ እየበላን ሳለ መኪኖቹ ተከታትለው አለፉ። በአንደኛው ላይ፣ በጆንያዎቹ ጫፍ፣ ጋሽ ታምራት ራሱን በነጠላ ጠቅልሎ ተቀምጧል። እሱም አየን። መዳፉን ወደ መሬት አድርጎ ቀስ እያለ ዝቅ ዝቅ አደረገው። ጨዋታ ሲጦዝብን «ረጋ በሉ» የሚለን በዚያ ምልክት ነበር። ሙክታር ከመቀመጫው ተነስቶ መኪኖቹ እስኪታጠፉ ቆመ። ፈጢራው ቀዘቀዘ፤ ማናችንም አልጨረስነውም።

ከመኪኖቹ ገሚሱ ተመለሱ። እሱ ያለበት አልተመለሰም። ባለቤቱ እትዬ አልማዝ ወደ ድርጅቱ በር ብዙ ተመላለሰች። «አልደረሰንም» ይሏታል፤ ሞቷል አይሏት፣ ይመጣል አይሏት። መንግሥት ሲለወጥ የሚጠየቀውም ሰው ጠፋ።

ከዚያ ስብሰባ በኋላ ከእኛ ተጫዋቾች አንድም ሰው ወደ ሰሜን አልሄደም። ሙክታር ዛሬ የእናቱን ቦታ ይዞ ቀፊራ ቅመም ይሸጣል። ይርጋ ጀልዴሳ አጠገብ እርሻ አለው። ኢሳ ፀጉሩ ሸብቶ፣ በሕመም፣ በልጆቹ መሃል ሞተ። ያን ዘመን ሳስብ የሚገርመኝ እንዲህ ያለ ሞት ለአንድ ሰው ትልቅ ሀብት እንደነበር ነው። ጋሽ ታምራት ያንን ሐሳብ እዚያ ጠረጴዛ ላይ፣ በጭንቀት ያመጣው ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ፋሲካ እኔና ሙክታር እትዬ አልማዝ ዘንድ ሄድን። በዓል ሲሆን እንሄዳለን። ስለሱ ስታነሳ «ሄደ» ነው የምትለው፤ ሌላውን ቃል እኛም በፊቷ ተናግረን አናውቅም። ዳቦውን እየቆረሰች፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ የስብሰባውን ዕለት አወራችን።

«ጠዋት ሲወጣ፣ ‹ዛሬ አንድ ሰው መስጠቴ ነው› አለኝ። ‹ማንን?› አልኩት። ‹ልጅ ያልሆነውን› አለኝ። እኔ ሌላ ሰው መስሎኝ፣ ‹ሚስቱን እግዜር ያጽናት› አልኩት። ‹አሜን› ብሎኝ ወጣ።»