«እርስዎስ ያውቁታል?»

ልጅ ሳለሁ በቤታችን ውስጥ የኢየሱስ ስም የሚጠራው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ በሩም ተዘግቶ ነበር። ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ ሠፈር፣ ከግቢያችን ጓሮ ባለችው አንዲት ክፍል እትዬ ብርሃኔ የሚባሉ ባልቴት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ያኔ በደርግ ጊዜ የሚጸልዩበት ቤት ታሽጓል፤ አብረዋቸው ይዘምሩ ከነበሩት ገሚሱ ታስሯል፣ ገሚሱ ተበትኗል። እሳቸው ግን አባቴ ለማታ ፈረቃ ወደ ፋብሪካ ሲሄድ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ሰብስበው የጌታን ታሪክ ይነግሩን ነበር። እናቴ በእምነት ባትመስላቸውም «መንገድ ለመንገድ ከሚዞሩ እዚያ ቢቀመጡ ይሻላል» ብላ ትፈቅድልናለች፤ ጆሮዋ ግን ሁልጊዜ አጥሩ ላይ ነበር።

እትዬ ብርሃኔ ሲያወሩ የገሊላ ባሕር ጣና ይሆናል። ታንኳው የደንገል ነው፤ ማዕበሉ ከደልጊ በኩል የሚነሣው ነፋስ ነው፤ ጴጥሮስም የዓሣ ቅርፊት ከእጁ የማይለቅ፣ አፉ የማያርፍ ችኩል ሰው ነው። እኔ ከሁሉም ጴጥሮስን እወደው ነበር፤ ሳያስብ የሚናገር ሰው ስለሆነ የእኔ ዘመድ ይመስለኝ ነበር።

አንዲት ብልሃት ነበረችን። የሰው ኮቴ ከተሰማ እትዬ ብርሃኔ ታሪኩን ቆርጠው «ተረት ተረት!» ይላሉ፤ እኛም «የላም በረት!» ብለን እንጮሃለን፤ ወዲያው ጦጣና ቀበሮ ይገባሉ። ስንቱን ጎረቤት በጦጣ ሸኝተናል! ወንድሜማ ጦጣዋን ከመውደዱ የተነሣ አንዳንዴ ማንም ሳይመጣ «ሰው መጣ» ይል ነበር።

ያን ቀን ክረምት ነው። መሸት ብሏል፤ መብራት ጠፍቶ ኩራዝ በርቷል፤ እትዬ ብርሃኔ በከሰል ምድጃ በቆሎ እሸት እየጠበሱ ጌታ የተያዘበትን ሌሊት ይነግሩናል፤ እናቴም ዝናቡ ይዟት ከእኛው ጋር ተቀምጣለች። ጌታን አስረው ወደ ሊቀ ካህናቱ ግቢ ወስደውታል፤ ጴጥሮስ ከሩቅ ተከትሎ ገብቶ ከሎሌዎቹ ጋር እሳት ይሞቃል። አንዲት ገረድ በእሳቱ ብርሃን አየችውና ይህም ከሰውየው ጋር ነበር አለች ብለው ሳይጨርሱ፣ የግቢው ቆርቆሮ በር ሲጢጥ ሲል ተሰማ።

የገባው ደሳለኝ ነበር። ደሳለኝ ቀድሞ የጎረቤት ልጅ ነው፣ ከእኛ ጋር ኳስ ይጫወት የነበረ። ያኔ ግን የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ሆኖ ጠመንጃ ይዟል፤ ሰላም ሲለን እንኳ ወደ ቤት እንሸሻለን፤ እሱ ወስዷቸው ያልተመለሱ ሰዎች እናውቅ ነበርና።

«ተረት ተረት!» አሉ እትዬ ብርሃኔ።

ወንድሜ ብቻውን «የላም በረት!» አለ።

ደሳለኝ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠ፤ እጆቹንም ወደ ከሰሉ ዘረጋ።

«ጦጣዋን ይተዋት፣ እትዬ» አለ። «አጥሩ ሥር ቆሜ ስሰማ ነበር። የሰውየውን ይጨርሱልኝ።»

ክው አልሁ። እናቴ እኔንና ወንድሜን ወደ ራሷ ሳበችን። ልጆችን ሰብስቦ ሃይማኖት ማስተማር እሳቸውን ወደ እስር ቤት ሊያስገባ፣ አባቴንም ከሥራው ሊያስወጣ እንደሚችል በዚያ ዕድሜዬ እንኳ አውቅ ነበር።

እትዬ ብርሃኔ በቆሎውን ገለበጡ። ከዚያም ድምፃቸው ቅጥን ብሎ ቀጠሉ። ጴጥሮስ አላውቀውም አለ፤ ደግመው ጠየቁት፣ ማለ፤ ሦስተኛ ሲጠይቁት ራሱን እየረገመ ካደ፤ ዶሮም ጮኸ፤ ጌታም ዘወር ብሎ አየው።

«የሚያውቀውን ሰው ለምን ካደ?» አለ ደሳለኝ።

«ፈርቶ ነዋ፣ ልጄ።»

ደሳለኝ ቀና ብሎ አያቸው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«እርስዎስ ያውቁታል?»

የገረዲቱ ጥያቄ መሆኑ ለእኔም አልጠፋኝም። እናቴ ግን መልሱን አልጠበቀችም። «ተረት ነው! የምን ማወቅ! እኛ ሰውየውንም አናውቀው፣ እሷንም አናውቃት፣ ተከራይ ናት!» ብላ ጮኸች። ለወትሮው አንቱ የምትላቸውን ሴት «እሷ» ስትል ሰማሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የሚመልሰው የለም።

ደሳለኝ ወደ እናቴ አልዞረም። «እንግዲያው ተረት ነው ይበሉኝና ልሂድ፣ እትዬ» አለ። ድምፁ ልመና ነበረበት። አሁን ሳስበው እሱም የላኩትን ሰዎች ፈርቷል፤ ያችን አንዲት ቃል ይዞ መመለስ ፈልጓል።

እትዬ ብርሃኔ ደፋር ሰው አልነበሩም። ነጎድጓድ ሲጮህ አልጋ ሥር የሚገቡ ሴት ነበሩ። ነጠላቸውን ሲጨብጡ አየሁ፤ በልቤም «ይበሉት፣ ይበሉት» እል ነበር።

«ተረት አይደለም፣ ልጄ» አሉ። «አውቀዋለሁ።»

ደሳለኝ ጠመንጃውን አንሥቶ ቆመ፤ እሳቸውም ከፊት ከፊቱ ሆነው ወደ ዝናቡ ወጡ። በቆሎው አርሮ ቤቱን በጢስ ሞላው፤ እናቴ ግን አላነሣችውም።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ እትዬ ብርሃኔ ከእስር ተመለሱ፤ ከስተው፣ አንድ እጃቸውም አልታዘዝ ብሏቸው። እናቴ ከጓዳ አልወጣም አለች። እሳቸው ጓዳው ደጃፍ ዱካ ላይ ቁጭ ብለው፣ ከማንም ጋር የሚነጋገሩ ሳይመስሉ፣ የጴጥሮስን ታሪክ ጨረሱ፤ ጌታ ከሞት ተነሥቶ በባሕሩ ዳር ከሰል አንድዶ ዓሣ እንደ ጠበሰለት፣ ለምን ካድኸኝ ሳይል ትወደኛለህ ወይ ብቻ ብሎ እንደ ጠየቀው። እናቴ ወጥታ እግራቸው ላይ ተደፋች። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ እትዬ ብርሃኔ እስኪያልፉ ድረስ፣ በእጇ ታጎርሳቸው ነበር።

ያን ዘመን ሲያወሱ ብዙዎች ጽናቱን ያነሣሉ። ለእኔ የቀረልኝ ፍርሃቱ ነው። ዛሬ ያ ስም በየአደባባዩ በድምፅ ማጉያ ይጠራል፤ እኔም ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ። ነገር ግን አንድ ሰው ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ረጋ ብሎ፣ እያከበረኝ ቢጠይቀኝ የእናቴን መልስ እመልስ ይሆን ወይስ የእትዬ ብርሃኔን፣ አላውቅም። እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም።