በየማለዳው መስከረም አንድ

ባለፈው ሳምንት ሰሚራ አንድ ከባድ ጥቁር ላፕቶፕ በሻርፕ ጠቅልላ አስኮ ያለችው ሱቄ ድረስ መጣች። ገና ሻርፑን ስትፈታው አወቅኩት።

"የአባዬ ነው" አለችኝ። "ካረፈ ወዲህ ማንም አልነካውም። ትናንት ልከፍተው ብል እምቢ አለኝ።"

ሰክቼ አስነሣሁት። ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ነጭ ጽሑፍ ወጣ፤ የምነሣበት ሲስተም አጣሁ ማለቱ ነው። አጥፍቼ እንደገና አስነሣሁትና ሰማያዊው የማስተካከያ ገጽ ሲመጣ ወደ እሷ አዞርኩት።

"ላይ ጥጉ ላይ ቀኑ ስንት ይላል?"

"አልከፈት አለ እልሃለሁ፣ አንተ ቀን ትጠይቀኛለህ?"

"አንብቢልኝ እስቲ።"

"አንድ፣ አንድ፣ ሁለት ሺህ አምስት።"

ሳቄ አመለጠኝ።

ነገሩ የሆነው በኛ አቆጣጠር ሁለት ሺህ አምስት ገና እንደገባ ነው። ያኔ ኮልፌ፣ ከታክሲ ፌርማታው ጀርባ፣ በልብስ ሰፊና በብረት በያጅ መሃል የተሰነቀረች የኮምፒውተር መጠገኛ ከጓደኛዬ ጋር ከፍተን ነበር። ክረምቱ ወጥቷል ቢባልም የኮልፌ ጭቃ ገና አልሰማም። በራችን ላይ በቆሎ የምትጠብስ ሴት ነበረች፤ የእሸቱ ሽታ ከብየዳው ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ይገባብናል። እኔ በአንድ እጄ በቆሎ በአንድ እጄ ካቻቪቴ ይዤ ስለምሠራ፣ በዚያ ሰሞን የጠገንኩት ላፕቶፕ ሁሉ ቢፈታ ሆዱ ውስጥ ፍሬ ሳይገኝበት አይቀርም።

የሰሚራ አባት ጋሽ ሸምሱ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነበሩ። ከቀራንዮ እስከ አስኮ ጋሽ ሸምሱ ሳይቀርጹት ያገባ ሰው ካለ ተደብቆ ያገባ ነው። ላፕቶፓቸው ሁለት ሃርድ ዲስክ ነበረው፤ አንደኛው የቀረጹት ሰርግ የሚቀመጥበት፣ ሁለተኛው ማሽኑ የሚነሣበት ዊንዶውስ የተጫነበት። በዚያ ሰሞን አንደኛው ላይ የነበረው የገዛ ልጃቸው የሰሚራ ሰርግ ነው።

"ካሴቶቹስ?" አልኳቸው መጀመሪያ ሲመጡ።

"ሌላ ሰርግ ደርቤባቸዋለሁ። ያለው እዚህ ውስጥ ብቻ ነው" አሉና ላፕቶፑን እንደታመመ ሰው መታ መታ አደረጉት። "ሌላ ቦታ ወስጄው ፎርማት ይደረግ አሉኝ። አንተም ያንን ቃል ካነሣህ ይዤው እሄዳለሁ።"

ቃሉን አላነሣሁም። ሰማያዊውን ገጽ ከፍቼ ሳይ ማሽኑ መነሻውን የሚፈልገው አንደኛው ዲስክ ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ከሙሽሮች በቀር ምንም የለም። ከሁለተኛው ጀምር ብዬ አዘዝኩት፤ ተከፈተ። ጋሽ ሸምሱ መርቀውኝ ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት ተመልሰው መጡ።

"ትናንት አንተ ጋ እንደ በግ ነበር። ቤት አድሮ ጠዋት ሳስነሣው አኮረፈኝ።"

ብከፍተው ትዕዛዜ ጠፍቷል፤ ማሽኑ ወደ አንደኛው ዲስክ ተመልሷል። እንደገና አስተካከልኩት፤ ቀኑን ሙሉ እኛ ጋ ሲሠራ ዋለ። በማግስቱ ያው ሆነ። ጓደኛዬ የቤታቸው መብራት ነው አለ። ልብስ ሰፊው ሰርጉን ያየ ሰው ዓይን ነው አለ። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ሌት ተቀን አልለቅህ አለኝ፤ እኔ ያስተካከልኩትን ማን ነው የሚመልሰው? እሳቸው ያንን ገጽ መክፈት ይቅርና መኖሩንም አያውቁም። እንዲህ ሁለት ልብ የሆነ ማሽን አይቼ አላውቅም ነበር።

በመጨረሻ በጠዋት ቤታቸው ሄድኩ። ከታክሲ ወርጄ ወደ ቀራንዮ የሚወስደውን ዳገት ጭቃውን እየዘለልኩ ወጣሁ፤ በየአጥሩ ሥር አደይ አበባ ፈክቷል። ጋሽ ሸምሱ ገና ቁርስ ላይ ነበሩ። ካልበላህ ማሽኑን አላሳይህም ብለው ትኩስ ፉል በቃሪያና በዳቦ አቀረቡልኝ፤ የጣዕሙ ነገር እስካሁን አፌ ላይ አለ። ከዚያ ላፕቶፑን አወጡ። ቀጥለው ከቁም ሳጥን አንድ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አምጥተው ይፈቱ ጀመር።

"ምንድነው እሱ?"

"ባትሪው ነዋ። ማታ ማታ አወጣዋለሁ። የካሜራም ባትሪ እንዲሁ ነው፤ ሲሠራ የዋለ ነገር ማረፍ አለበት።"

ባትሪውን ገጠሙና አስነሡት፤ አኮረፈ። ሰማያዊውን ገጽ ከፈትኩ። ዓመቱ ሁለት ሺህ አምስት ይላል። ሱቅም ሳለሁ አይቼው ነበር፤ በኛ አቆጣጠር አድርገውታል፣ ጎበዝ ናቸው ብዬ አልፌዋለሁ። አሁን ነገር ለማሳመር ያህል አነሣሁት።

"ጋሽ ሸምሱ፣ ይሄን በሐበሻ አቆጣጠር ያደረጉት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ? እኔማ አንተ ያደረግከው መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።"

ተያየን። ቀኑን አየሁት፤ አንድ፣ ወሩም አንድ።

"ዛሬ መስከረም ስንት ነው?"

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካሌንደር አዩ። "አሥራ ሦስት።"

በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልረሳውም። የሐበሻ አቆጣጠር ያልነው ነገር ፈጽሞ የሐበሻ አልነበረም። ማሽኑ ውስጥ ቀንና ትዕዛዝ የምታስታውስ የሳንቲም ያህል ባትሪ አለች፤ እሷ ሞታለች። ትልቁ ባትሪ እስካለ ነገሩ ይሸፈናል፤ ጋሽ ሸምሱ እንዲያርፍ ብለው ሲያወጡት ግን ማሽኑ ሁሉንም ረስቶ ፋብሪካ ወደሰጠው የመጀመሪያ ቀን ይመለሳል። ያ ቀን የፈረንጆቹ ጥር አንድ፣ የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አምስት ነው። የኛ ዓመት ከእሱ ጋር ገጥሞ ሁላችንንም አታለለን። ሌላ አገር ቢሆን ቀኑን ያየ ሁሉ ወዲያው ተሳስቷል ይል ነበር፤ እኛ ግን ጭራሽ ኮራንበት።

ሳስረዳቸው ጋሽ ሸምሱ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። "ታዲያ በየማለዳው ብቻውን እንቁጣጣሽ ሲያከብርብን ነው የከረመው?"

ኮልፌ ካለ ሰዓት አዳሽ አዲስ ገዝቼ ትንሿን ባትሪ ቀየርኩ። ማሽኑ ከዚያ በኋላ አላኮረፈም። ያን ዕለት ሰርጉን አብረን አየነው፤ ሙሽራዋ፣ ሚዜዎቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አለ።

"እርስዎስ የት ነዎት?" አልኳቸው።

"እኔማ ካሜራው ነኝ" አሉ።

ይኸው አሁን ያቺ ትንሽ ባትሪ እንደገና ሞታ ማሽኑ ወደዚያው ወደ መስከረም አንድ ተመልሷል። እኔም በዕድሜዬ ብዙ ብልሽት አይቻለሁ፤ ከሁሉም የሚያስቸግረው ልክ የሚመስለው ነው፤ ሰው ልክ የመሰለውን ነገር ሁለተኛ ዞሮ አያየውም። ባትሪዋን ቀየርኩና ከሁለተኛው ጀምር ብዬ አዘዝኩት፤ ቀኑንም አስተካከልኩ። ይሄን የመጨረሻውን ሳደርግ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እጄ ትንሽ ከበደኝ።

ሰሚራ ሰርጉን ከፈተችው። "አባዬ እኮ አንድም ቦታ የለበትም፤ ሁሌ ሲቀርጽ ነው" አለችና እንባዋን እንዳላይባት አቀርቅራ ዓይኗን በሻርፑ ጠረገች። ስክሪኑ ላይ ሙሽራዋም እንዲሁ አቀርቅራለች። ያኔ ከካሜራው ጀርባ የጋሽ ሸምሱ ድምፅ መጣ።

"ሰሚሬ፣ ቀና በይ እንጂ፤ ፊትሽ አልታየኝም።"

ሱቄ ውስጥ የተቀመጠችው ሰሚራ ቀና አለች።