ዜናው በመርከብ የመጣ ዕርቅ

በዚያን ዘመን ኖርዌይ፣ ቶየን በሚባል ሰፈር ውስጥ ከእኔ የባሰ ብቸኛ ከነበረ እሱ ሐውልት ነው። ኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር ማለት ነው፣ በሰጠኝ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ማቀዝቀዣው ሲያጉረመርም «አቤት» እለው ነበር።

ያዳነኝ የጎልማሶች ትምህርት ነው። ታሪክ ክፍል አጠገቤ የሚቀመጡት ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ አዛውንት ነበሩ፤ በቋንቋቸው «አባት» እንደ ማለት፣ አቦይ እላቸዋለሁ። በዚያ ዕድሜ ፈተና ምን ያደርግላቸዋል ብትሉ፣ ቫይትቬት የሚባል ሰፈር ባለው ቤታቸው እሳቸውንም የሚያናግራቸው ማቀዝቀዣ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት እናጠናለን። እሳቸው የኖርዌይኛውን መጽሐፍ ጥርት ባለ አማርኛ ይመልሱልኛል፤ እኔ ጨውና በርበሬ እጨምርበታለሁ።

አንድ ቅዳሜ፣ አሜሪካ ነጻ ከወጣች ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ከእንግሊዝ ጋር እንደገና የተዋጋችበት ምዕራፍ ላይ ደረስን። እንግሊዞች የፕሬዚዳንቱን ቤት አቃጠሉ። በእኔ አተራረክ መጀመሪያ እራቱን በልተው፣ አጥንቱን ግጠው፣ ጨው አንሶታል ብለው ተማርረው ነው። ኋላ ታረቁ፤ ድንበሩም እንደነበረው ሆነ። ዜናው ግን በመርከብ ነበርና የሚጓዘው፣ ውሉ ተፈርሞ እያለ ትልቅ ውጊያ ተካሄደ። አሜሪካኖቹም «አሸነፍን» ብለው አገሩን በባንዲራ ሞሉት።

እዚህ ላይ ምላሴ አመለጠኝ። የእኛና የኤርትራ የድንበር ጦርነት ትዝ ብሎኝ፣ «አቦይ፣ እኛ ለዚያች ጠጠር ስንተላለቅ ቢያንስ ሬዲዮ ነበረን» አልኩ። የሚስቁ መስሎኝ ቀድሜ ሳቅሁ።

መነጽራቸውን አውልቀው አጠፉት።

«የኔ ልጅ የሞተው ሊታረቁ ነው ከተባለ በኋላ ነው» አሉ። «ሬዲዮ ነበረው።»

ደብተራቸውን ይዘው ወጡ።

ሦስት ቅዳሜ ወንበራቸውን በካፖርቴ ያዝኩ። አንዲት ተማሪ ሰው አለው ወይ ስትለኝ፣ በኖርዌይኛ «ያ»፣ አዎ፣ አልኳት። በአራተኛው በባቡር ቫይትቬት ወረድኩ። መንገድ ላይ መቶ ቀልድ አዘጋጅቼ መቶውንም ጣልኩ። በነጠላ ጫማ በሩን ከፈቱልኝ።

«ቀልድ ይዘህ ከሆነ ተመለስ።»

«አልያዝኩም አቦይ። ልጅዎ ስሙ ማን ነበር?»

ነገሩኝ። እዚህ አልጽፈውም።

«ቅዳሜ አትጠብቀኝ» አሉና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

እስከ ፈተናው ድረስ ካፖርቴን ወንበራቸው ላይ አድርጌ፣ ብርዱ እያንቀጠቀጠኝ ብቻዬን አጠናሁ።