በሚስማር የተሰመሩ አራት ብረቶች

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እጠራጠራለሁ። ማንም አልሞተበትም፣ ማንም አልከበረበትም። የሆነው ሁሉ የሆነው በአባቴ ወርክሾፕና ከግቢያችን በላይ ባለው የድንጋይ ደረጃ መካከል ነው። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ነገር ግን ልጅ እያለሁ እንደዚያ ክረምት ፈርቼ አላውቅም፤ ስለዚህ እንደምንም ልሞክር።

አባቴ ታደሰ ብረት ሠራተኛ ነው። ጉለሌ፣ መንገዱ ወደ እንጦጦ ማቅናት ሲጀምር ባለው ሰፈራችን፣ ከቤታችን ጓሮ በቆርቆሮ የከለላት ጠባብ ወርክሾፕ አለችው። እዚያ ስገባ የተጋዘ ብረትና የማሽን ዘይት ሽታ አንድ ላይ ይቀበለኝ ነበር። መብራት ሲጠፋ ብየዳ ይቆማል፤ ጠፍጣፋ ብረት በእጅ ማጠፍ ግን መብራት አይጠይቅም። አባዬ ብረቱን በሞርሳ ጥርቅም አድርጎ ያስረዋል፣ ወጥቶ በቀረው ጫፍ ላይ ረጅም ቱቦ ያጠልቅበታል፣ ከዚያ እግሩን አንፈራጦ ቱቦውን ቀስ እያለ ወደ ፊት ይገፋዋል። «ብረት ላይ አትቸኩዪ፤ ከቸኮልሽበት ያኮርፋል» ይለኝ ነበር።

የእኔ ሥራ የሚታጠፍበትን ቦታ ለክቶ በጠመኔ ማስመር ነበር። አሥር ዓመቴ ነው፤ አራተኛ ክፍልን ልጨርስ ጥቂት ቀናት ቀርተውኛል። አባዬ ለመጣ ሰው ሁሉ «እኔ በዓይኔ ነው የምሠራው፤ ሚሚ ግን አንድ ሚሊ አትስትም» ይላል። ያችን ቃል ለመስማት ስል አንዱን ብረት ሦስት ጊዜ እለካው ነበር።

ከደረጃው በላይ እማማ ደብሪቱ ብቻቸውን ይኖራሉ። በየማለዳው ኪዳን ለማድረስ በዚያ ደረጃ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወርዳሉ። ባለፈው ክረምት እርጥቡ ድንጋይ አንሸራትቷቸው ወድቀው ነበርና፣ ዘንድሮ ዝናቡ ሳይጠነክር አባዬ የእጅ መደገፊያ ሊሠራላቸው ቃል ገባ። ከአጥሩ ግንብ ጋር የሚሄድ አንድ ረጅም ቱቦ፣ ቱቦውን የሚሸከሙ፣ እንደ ክርን የታጠፉ አራት ጠፍጣፋ ብረቶች። በቃ ይኸው ነው።

ብረቶቹ የሚታጠፉበት ቀን ግን ጠመኔ አልነበረኝም። ከትምህርት ቤት ያመጣሁትን ለጎረቤታችን ልጅ ለመሲ ሰጥቻት፣ ሰኞ ማክሰኞ መጫወቻ አስምራበት ጨርሳዋለች። ኪሴ ውስጥ የቀረችኝ ቁራጭ ደግሞ እጄ እርጥብ ስለነበር መስመሯ ወዲያው ወዲያው ይጠፋል። አባዬ ቀና ብሎ እንዳያየኝ ፈራሁ። አንድ ሚሊ የማትስት ልጅ ምልክት ጠፍቶባት ሊያገኛት ነው። ሚስማር አነሳሁና ማስመሪያ አስደግፌ አራቱንም ብረቶች በኃይል ጫርኳቸው። እንዲያ ያለ ቀጥ ያለ መስመር ከዚያ በፊት አስምሬ አላውቅም። ከላዩ ላይ በቁራጯ ጠመኔ ሄድኩበት፤ እሱ ያለኝ በጠመኔ ነዋ። አባዬ ምልክቱን ወደ ራሱ አድርጎ አሰረና አራቱንም አጠፋቸው። «ጎበዝ» አለኝ። ሲመሽ ቀይ የዝገት መከላከያ ቀለም ቀባቸው፣ በማግሥቱ ግንቡ ላይ በብሎን አሰራቸው።

እማማ ደብሪቱ ቱቦውን ነቅነቅ አድርገው «አንተ ታደሰ፣ ይሄ ነገር እኔን ከነኃጢአቴ ይችላል?» አሉት።

«እርስዎን ይተዉት እማማ፣ የሰፈሩን ኃጢአት በሙሉ ይሸከማል።»

እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በአቦ ማግሥት፣ ሐምሌ ስድስት ቀን፣ አባዬ ለሌላ ሰው መስኮት ብረት ሲያጥፍ አንዱ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ከሞርሳው ፈትቶ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደውና ጠራኝ።

«አየሽ፣ ጭረት አለው። ከመኪና ሲያወርዱት ጎትተውታል። ብረት ሲታጠፍ የውጭ ጎኑ ይለጠጣል፤ እዚያ ላይ ጭረት ካለ በዚያው ይከፈታል። በጠመኔ አስምሪ የምልሽ ለዚህ ነው።»

«ወዲያው ባይሰነጠቅስ?»

«እሱማ ይብሳል። ቀስ እያለ ሄዶ ሰው የተደገፈበት ቀን ይለቃል።» ዞር ብሎ አየኝ። «ምነው?»

«እንዲሁ ነው።»

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን አባዬ የተሰነጠቀውን ጥሎ አዲስ ብረት አቀበለኝና «በይ የኔ መሐንዲስ፣ ለኪልኝ» አለኝ። ለካሁለት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማለዳ ማለዳ የእማማን ከዘራ ማዳመጥ ጀመርኩ። ኳ ሲል ከአልጋዬ ዘልዬ እወርዳለሁ፣ ደረጃውን ሮጬ እወጣለሁ፣ ትከሻዬን እሰጣቸዋለሁ።

«እማማ፣ በእኔ ይደገፉ።»

«ብረቱስ ልጄ?»

«ብረቱ እጅዎን ያቀዘቅዝዎታል።»

ሃያ ስድስቱን ደረጃ አብሬያቸው ወርጄ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር አደርሳቸዋለሁ፤ ጸሎቱ ሲያበቃም ጠብቄ እመልሳቸዋለሁ። እሳቸው ግን የሆነውን በምን ያውቃሉ! ለሰፈሩ ሁሉ አወሩት። «እንደ ታደሰ ልጅ ያለች የት ትገኛለች? ኪዳን አታስታጉልም!» የማላውቃቸው ሴቶች ግንባሬን ይስሙኛል። መሲ ደግሞ በየመንገዱ «መነኩሲት! ሰኞ ማክሰኞም ኃጢአት ሆነ እንዴ?» እያለች ታበሽቀኛለች። እኔ በተመሰገንኩ ቁጥር ዓይኔ ወደ ብረቶቹ ይሄድ ነበር። ሰው በሌለበት ብረቶቹን በጣቴ እዳስሳለሁ። ፍልሰታ ከገባ በኋላ ከላይ ሦስተኛው ላይ፣ ልክ ክርኑ ጋ፣ ቀለሙ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ተሰነጠቀ። ቀለም ብቻ ነው አልኩ ለራሴ። በማግሥቱ ስዳስሰው ጥፍሬ ገባበት።

ነሐሴ አሥራ አራት ቀን እንቅልፍ ጣለኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ከዘራውን ሸፍኖብኝ ነበር። ስነቃ የከዘራው ኳኳታ ከደረጃው እኩሌታ ላይ ይሰማል። በባዶ እግሬ ሮጥኩ። እማማ በአንድ እጃቸው ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ይዘው፣ በሌላኛው ከዘራውንም ቱቦውንም አንድ ላይ ጨብጠው ሦስተኛው ብረት ጋ ደርሰዋል። «እማማ፣ ይቁሙ!» ብዬ ጮህኩ። ጩኸቴ አስደንግጧቸው ቀና ሲሉ እግራቸው አዳለጣቸውና ሙሉ ክብደታቸው ቱቦው ላይ አረፈ። ብረቱ ሲያቃስት ሰማሁ። ቱቦው አንድ ጣት ያህል ወደ ታች ወረደ። ደርሼ ወገባቸውን አቀፍኩና ሁለታችንም እርጥቡ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልን።

«በስመ አብ! ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ?»

 እንዳይንቀሳቀሱ ብቻ ለምኜ ወደ አባዬ ሮጥኩ። ፊቱን እየታጠበ ነበር። ጠመኔውን፣ ሚስማሩን፣ ቀለሙን፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ፎጣም አላነሳም። መፍቻውን ይዞ በዝናቡ ወጣ። እማማን ደግፎ ቤታቸው አስገባቸውና አራቱንም ብረቶች ፈትቶ ወርክሾፕ አመጣቸው። ሦስተኛውን ሞርሳ ውስጥ አሰረ። ቱቦ አላጠለቀበትም፤ በመዳፉ ብቻ ገፋ አደረገው። ለሁለት ተከፈለ።

አባዬ ስባሪውን በእጁ እንደያዘ የቀለም ጣሳው ላይ ተቀመጠ።

«ካወቅሽ ስንት ቀን ሆነሽ?»

«ሠላሳ ስምንት።»

«ቆጥረሻል ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

እማማ ቤት ይዞኝ ሲገባ ወርክሾፑን ዳግመኛ እንዳልረግጥ የሚነግረኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ቀድሞኝ «ጥፋቱ የእኔም ነው እማማ። በደንግዝግዝ ቀለም ቀባሁት፤ እጄን እንኳ አላሳለፍኩበትም» አላቸው። የቀረውን ራሴ ተናገርኩ። እማማ ደብሪቱ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እኔ ደግሞ ጽድቅ መስሎኝ! ስንቱን የሰፈር ልጅ በአንቺ ሰደብኩበት!» አባዬ ሊስቅ ብሎ ተወው። እሳቸው አልሳቁም። «ሠላሳ ስምንት ቀን ትከሻሽን ስትሰጪኝ፣ አንዲት ቃል መስጠት አቃተሽ?»

በማግሥቱ አራት አዲስ ብረቶች በጠመኔ አሰመርኩ። አባዬ አንዱንም ሳያገላብጥ አላለፈም። ሲያጥፍ እኔንም ቱቦው ላይ እጄን አስደረገኝና አብረን ገፋን። ግንቡ ላይ ካሰረ በኋላ ሁለቱንም እግሮቹን ከመሬት አንስቶ በእያንዳንዱ ብረት አጠገብ ቱቦው ላይ ተንጠለጠለ።

አሁን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። የቡድን ሥራ ስናቀርብ ያልገባኝንና የተሳሳትኩትን ቀድሜ ስለምናገር ጓደኞቼ «ማን ጠየቀሽ?» ይሉኛል። ዛሬም መመስገን እወዳለሁ፤ እሱስ አልለቀቀኝም። ያኔ ግን ምስጋናውን ላለማጣት ዝም እል ነበር፤ አሁን ዝም ብዬ መመስገን አልችልም። እማማ ደብሪቱ ከሁለት ዓመት በፊት አርፈዋል። በዚያ ቱቦ ላይ አሁን የሰፈሩ ሕፃናት ሸርተቴ ይጫወቱበታል፤ ለእረፍት ስመለስ ቆሜ አያቸዋለሁ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ብረቶቹ በተተኩ ማግሥት የነበረውን ማለዳ ነው። ከዘራው ኳ ሲል ነቃሁ። ልነሳ ብዬ እግሬን ካወረድኩ በኋላ መልሼ ብርድ ልብስ ውስጥ ከተትኩት። ተኝቼ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ሦስተኛው ብረት ጋ ሲደርሱ ትንፋሼን ያዝኩ። አልቆሙም። ሃያ ስድስት ስል ከዘራው ለስላሳውን መሬት ነካ፣ ድምፁም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እየራቀ ሄደ። ለእኔ ያ ክረምት ያበቃው ያን ጠዋት ነው፤ ነሐሴ አሥራ ስድስት ቀን፣ ፍልሰታ የተፈታ ዕለት።