ጨው የበዛበት ክክ

ከምሠራበት ጤና ጣቢያ ነጭ ጋውኔን እንደለበስኩ ወሰዱኝ። ያስገቡኝ ሐይቅ ከተማ ውስጥ እስር ቤት ወደሆነ የእህል መጋዘን ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ፈርተህ ነበር ወይ ብትሉኝ አላስታውስም።

አጠገቤ የሚተኙት የአምባሰል ገበሬ ነበሩ፤ ሸምግለዋል። ልጃቸው ተፈልጎ ሲታጣ እሳቸውን አመጧቸው። ደም ግፊት አለባቸው። ኪኒናቸው ፍተሻ ላይ ተወስዶ ቀርቷል።

ምግባችን ዳቦና ክክ ወጥ ነበር። ወጡ ጨው ጨው ይላል።

«አባባ፣ ጨው ግፊት ይጨምራል። ወጡን ይተዉት።»

«ደረቁን ልብላ? እዚህ ሌላ ምን የሚጥም ነገር አለ ልጄ?»

ባለቤቴ ሙዝ ስታመጣልኝ ለሳቸው እሰጣለሁ። ሙዝ ውስጥ ያለው ፖታሲየም የጨውን ጉዳት ያለዝባል። ኪኒናውን እንደማይተካ ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዳቦው ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። ሊያነሱት ሞከሩ፤ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። አብረውን የታሰሩ አንድ ቄስ ውሃ ሊያጠጧቸው ሲሉ፣ «ትን ይላቸዋል አባ» ብዬ ከለከልኩ። በሩን ደበደብኩ።

«ምንድን ነው?» አለ ጠባቂው።

«ስትሮክ ነው። አሁኑኑ ሆስፒታል ይሂዱ።»

«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። ጠብቁ።»

ጠበቅን። በየመሀሉ እደበድባለሁ። እጄ ማበጡን ያየሁት በኋላ ነው።

መኪናው የመጣው ከሰዓት ነበር። ጠባቂዎቹ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ሊያነሷቸው ሲሉ ሽማግሌው በግራ እጃቸው ገፉት። ወደ ጫማቸው ጠቆሙ። ቄሱ ጎንበስ ብለው አጠለቁላቸው።

«አይዞህ፣ አብሽር ወንድሜ» አሏቸው።

በእኔና በቄሱ ትከሻ ተደግፈው፣ ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ ወጡ። መጋዘኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ተነስቶ ቆመ።

ከተፈታሁ በኋላ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ግፊት እለካለሁ፤ ጨው ቀንሱ፣ መድኃኒት አታቋርጡ እላለሁ። እሳቸውን የጣላቸው ጨው ይሁን የኪኒናው መቋረጥ፣ አላውቅም።

ሽማግሌው ከሆስፒታል ወደ ቤታቸው ተለቀዋል፤ አልፎ አልፎ አምባሰል ድረስ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። ንግግራቸው አልተመለሰም። ምሳ ሲቀርብ በግራ እጃቸው አይበሉም። ቀኙን በግራቸው ደግፈው ቀስ ብለው ወደ ትሪው ያመጡታል። ቤተሰቡ ሊያግዛቸው አይነሳም። እኔም አቀርቅሬ እበላለሁ።