የባሕር ንፍጥ በመዳፌ

ከሰልፉ መሀል ሲይዙኝ ቦርሳዬ ጀርባዬ ላይ ነበር። ጎንደር የቀሩ ዘመዶቻችን ወደ እስራኤል ይምጡልን ብለን በዚያው አገር አሽዶድ ከተማ ላይ የወጣን ቀን ነው። መስኮት በሌለው መኪና ጫኑን፤ የት እንዳወረዱን እስካሁን አላውቅም። ክፍሉ ክሎሪንና እርጥብ ፍራሽ ይሸታል። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ በሱዳን በኩል የመጡ የጎንደር ሰው።

ገና ሳልቀመጥ ሽማግሌው ስለ ቦርሳዬ ጠየቁኝ። ምን ይዤ እንደነበር፣ ማን እንደሰጠኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ አፌን ዘጋሁ። ይህን ያህል ያረጀ ሰው ከሰልፍ ማን ያስራል? ወሬ እንዲያወጣጡኝ አስገብተዋቸዋል አልኩ በልቤ። ውሃ ሲሰጡኝ እንኳ አልተቀበልኳቸውም።

ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው ጠርሙስ ነው። የባሕር ውሃ በሚመረመርበት ቤት ዕቃ አጣቢ ነበርኩ። በዚያ ሳምንት ባሕሩ ነጣ ያለ ንፍጥ ተፍቶ ነበርና ከዳርቻው ቀድቼ እንዳመጣ ታዝዣለሁ። ንፍጡን የሚያወጡት እንደ ተክል በፀሐይ ብርሃን የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው። ዳያቶም የሚባሉት የመስታወት ዓይነት ቅርፊት አላቸው፤ ጎንያውላክስ የሚባለው በጭራው ይዋኛል። አለቃዬ በማይክሮስኮፕ አሳይታኛለች።

ለምርመራ ወደ ሌላ ክፍል ሲወስዱኝ ይህን ብነግረው፣ መርማሪው ፖሊስ ሳቀ። ዕቃ አጣቢ ይህን ከየት ያውቃል ነው ነገሩ። አስመርምሩት ብዬ ብለምነውም አልሰማኝም። ፖሊስ ላይ ሊረጭ የነበረ አሲድ ነው ብሎ ጽፎ ፈርም አለኝ። ከፈረምኩ ለዓመታት እታሰራለሁ። እምቢ ስል፣ ሽማግሌው መስክረውብሃል አለ። አላልኩም? አልኩ ለራሴ።

ከዚያ ሽማግሌውን አስገባቸው። ዕብራይስጣቸው ትንሽ ስለነበር ያስተረጎምኩት እኔው ነኝ።

«አባ፣ አንቱ አሲድ ነው ብለው መስክረዋል ይላል።»

«ያላየሁትን ምን ብዬ እመሰክራለሁ?» አሉ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጠርሙስ አዩት። «አንተ ምንድን ነው ትላለህ፣ ልጄ?»

«የባሕር ንፍጥ ነው።»

«እንግዲያው በመዳፌ አፍስስልኝ።»

በአገራችን መጠጥ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ አፍስሶ ይቀምሳል፤ መርዝ የለበትም ማለቱ ነው። ሽማግሌው ሊቀምሱልኝ ነው። ንፍጡ ግን ገና አልተመረመረም፤ ከእነዚያ ደቃቆች መርዝ የሚያወጡ እንዳሉ አለቃዬ አስጠንቅቃኛለች። እሳቸው ይህን አያውቁም። የእኔን ቃል ብቻ አምነው እጃቸውን ዘርግተዋል። አፈርኩ። የዚያን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ጠርሙሱን ከጠረጴዛው አንስቼ በራሴ መዳፍ አፈሰስኩና ላስኩት። ጨው ጨውና የከረመ ዓሣ ይላል፤ አልወርድ ብሎኝ ሁለቴ ዋጥኩት። መርማሪው ከወንበሩ ተነስቶ ጠርሙሱን ነጠቀኝ፤ ማስረጃ ጠጥተሃል ብሎም ሁለት ቀን እስር ጨመረልኝ። ሁለቱንም ቀን ሆዴን ሲቆርጠኝ ዋለ፤ ሽማግሌው ጋቢያቸውን አለበሱኝ። አሲድ የሚለው ወረቀት ግን ተመልሶ አልመጣም።

ሽማግሌው አሁን አሽዶድ፣ ሮቫ ቴት ቫቭ በሚባለው ሰፈር ልጃቸው ቤት ናቸው። በየበዓሉ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። እንግዳ ካለ፣ «ይህ ልጅ ለእኔ የቀመሰልኝ ነው» ብለው ያስተዋውቁኛል። አንገቴን እደፋለሁ፤ ትሕትና ይመስላቸዋል። ሰላይ መስለውኝ እንደነበር እስካሁን አልነገርኳቸውም።